ቦቴው ባዶውን ለምን ይሄዳል?

የልጄ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። ቤታችን ናዝሬት፣ ከዋናው መንገድ ብዙም ስለማይርቅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ላይ ተቀምጦ መኪና መቁጠር ይወዳል። ቦቴ ሲያልፍ ሙሉ ይሁን ባዶ በድምፁ ይለያል። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው እያቃሰተ፣ ጎማው አስፋልቱን ተጭኖ ቀስ ብሎ ያልፋል። ወደ አዋሽ የሚወርደው ደግሞ ተሳቢው እየተንገጫገጨ፣ ብረቱ እንደ ባዶ ድስት እየጮኸ ይበራል። «ይሄ ሙሉ፣ ይሄ ባዶ» እያለ ይቆጥራል። አባቱ የቦቴ ሾፌር ስለሆነ ነገሩ ለእሱ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ አባቱን መጠበቂያም ነው።

በቀደም ዕለት ቆጠራውን አቋረጠና «አያቴ፣ አባዬ ያን ሁሉ መንገድ ባዶውን ለምን ይሄዳል? ለምን የሆነ ነገር አይጭንም?» አለኝ።

የልጅ ጥያቄ ነው ብዬ ልስቅ ስል አፌ ተያዘ። ይህንኑ ጥያቄ ከሁለት ዓመት በፊት እኔ ራሴ፣ ዕድሜዬን በነርስነት የጨረስኩ ሴት፣ አማቼን በሰው ፊት በቁጣ ጠይቄው ነበርና።

የሠርጉ ውኃ

ጊዜው ጥር ነው፤ የእኅቴን ልጅ ልንድር ሽር ጉድ እያልን ነበር። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ጋኖቹ ታጥነው ውኃ ይጠብቃሉ። ውኃው ግን የለም። ከጠፋ ስድስተኛ ቀኑ ነበር፤ የቤታችን ሮቶም የጎረቤት ሮቶም ደርቋል። ልጆቹ ጄሪካን ተሸክመው ሲመላለሱ ውለው ሁለት በርሜል እንኳ አልሞሉም።

አማቼ በዚያ ሰሞን ነዳጅ አራግፎ ገብቷል። በማግስቱ ወደ ጅቡቲ ሊወርድ ስለሆነ ቦቴውን መኪና ማደሪያ አቁሞታል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጠሩትና «ልጄ፣ አንተ እያለህ እኛ በጄሪካን እንልፋ? ያ ሁሉ ቦቴ ባዶውን ቆሞ የለም እንዴ? ከጉድጓድ ባለቤቶቹ ዘንድ ሂድና ሞልተህልን ና» አሉት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የነዳጅ ነው። ውኃ አይጫንበትም።»

«አጥበኸዋ!»

«ቢታጠብም አይሆንም።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ኮራ» ያለችም አለች። በዚህ መሐል እኔ፣ መካሪ መሆን የሚገባኝ፣ ጣልቃ ገባሁ። «ለመጠጥ ባይሆን ለዕቃ ማጠቢያ እንኳ አይሆንም? ሁልጊዜ ባዶህን ከምትወርድ አንድ ቀን ለዘመድ ብትጭንበት ምን አለ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እማማ፣ እርስዎ እኮ የጤና ባለሙያ ነዎት» አለኝ ቀስ ብሎ። ሌላ አልተናገረም፤ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የውኃ ቦቴ በር ላይ ቆመ። ከኪሱ ከፍሎ ተከራይቶ ነበር። ያም ሆኖ ምስጋና አላገኘም፤ «የራሱን ቦቴ ቆሞ እያየ ገንዘብ ይረጫል» ተባለ።

በቋንቋችን የውኃውም ቦቴ ነው፣ የነዳጁም ቦቴ ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ሥራቸውም የሚቀያየር ይመስለናል።

የአንዲት እናት ጥያቄ

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። «የጤና ባለሙያ ነዎት» ያለኝ ቃል ብዙ ዘመን የተውኩትን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣቶች በፒክአፕ ጭነው አመጡልን። ሁለቱም የከባድ መኪና ረዳቶች ናቸው። አንደኛው ነዳጅ ተራግፎበት በቆመ ቦቴ ውስጥ የቀረውን ጭላጭ በጨርቅ ሊያደርቅ በላይኛው ቀዳዳ ገባ። ድምፁ ሲጠፋ ጓደኛው ሊያወጣው ተከትሎት ገባ፤ እሱም ወደቀ። ሰዎች ደርሰው በገመድ ጎትተው አወጧቸው።

ከልብሳቸውና ከፀጉራቸው የሚወጣው የቤንዚን ሽታ ክፍሉን ሞላው። መስኮቱን ሁሉ ከፈትን፣ ልብሳቸውን ገፈፍን፣ የምንችለውን ሁሉ አደረግን። ሁለተኛው ነቃ። ቀድሞ የገባው ግን አልነቃም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

በማግስቱ እናቱ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እደጃፋችን ቁጭ አሉ። አላለቀሱም። «ልጄ፣ ባዶ ነበር ብለውኛል» አሉኝ። «ባዶ ነገር እንዴት ሰው ይገድላል?»

ያን ጊዜ የመለስኩላቸውን ሳስበው አፍራለሁ። «የፈጣሪ ቁጣ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ቀኑ አልነበረም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ እውነቱን ግን በደንብ አላውቀውም ነበር። ከሠርጉ በኋላ አማቼን ቡና አፍልቼ አስቀመጥኩትና ከመጀመሪያው እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። የሚከተለው ከእሱ የሰማሁትና እኔ በሙያዬ የማውቀው ተቀላቅሎ ነው።

ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ፈሳሽ የለንም

የመጀመሪያው ምክንያት ከቦቴው ሳይሆን ከአገራችን አቀማመጥ ይመጣል። የምንጠቀመው ቤንዚንና ናፍጣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። በእኛ ወጣትነት ነዳጅ የሚጫነው ከአሰብ ነበር፤ እዚያ ድፍድፉን የሚያጣራ ፋብሪካም ነበር። ማጣሪያው በ1989 ዓ.ም. ሥራ አቆመ፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ቦቴው ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሰመራን አልፎ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ለመድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከወደብ የተሞላውን ይዞ ይወጣል፤ ሲወርድስ ምን ይዞ ይውረድ?

ወደ ውጭ የምንልከው ቡና፣ ሰሊጥ፣ ቦሎቄ፣ የቁም ከብት ነው። ቡና በጆንያና በኮንቴይነር እንጂ በቦቴ አይጫንም። በሬም በቦቴ አፍ አይገባም። የምግብ ዘይት እንኳ በብዛት ከወደብ ወደ እኛ ይመጣል እንጂ ከእኛ ወደ ወደብ አይሄድም። ከእኛ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ አንድ ትልቅ ፈሳሽ ቢኖር ውኃ ነው። እሱም በሶማሌ ክልል ሀዳጋላ ላይ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች ተነሥቶ በመቶ ኪሎ ሜትር ቧንቧ ይሄዳል እንጂ ቦቴ አይጠብቅም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ነዳጅ በባሕር የሚያመጡት ግዙፍ መርከቦችም ካራገፉ በኋላ ያለ ጭነት ነው ወደሚሞሉበት ወደብ የሚመለሱት። እንዳይዋዥቁ ብቻ ለዚሁ በተሠራ ክፍል የባሕር ውኃ ይይዛሉ። በእኛ ሙያ ደግሞ አምቡላንስን ማሰብ ይበቃል። ምጥ የያዛትን ሴት ሊያመጣ ሲሄድ ባዶውን ነው። «እግረ መንገዱን ገበያተኛ ለምን አይጭንም?» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። መሄዱ ራሱ ሥራ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ባዶ መርፌ ንጹሕ መርፌ አይደለም

«እሺ፣ ፈሳሽ ቢገኝስ?» አልኩት አማቼን። ሁለተኛው ምክንያት እዚህ ላይ ይመጣል።

የቦቴው ሆድ አንድ ወጥ አይደለም፤ በግድግዳ የተከፋፈለ ነው። ተሳቢ ያለው አንድ ቦቴ ከ40 ሺህ ሊትር በላይ ይይዛል። ሲራገፍ ግን ጠብታው ሁሉ አይወጣም። ከታች ባለው ቧንቧ፣ በማጣጠፊያው፣ በግድግዳው ላይ ጭላጭ ይቀራል። በዚህ ላይ ውኃ ቢጫንበት ውኃው ነዳጅ ይሆናል፤ ውኃ ተጭኖበት ነዳጅ ቢሞላበት ደግሞ ነዳጁ ውኃ ይገባበትና የሰው ሞተር ያበላሻል።

ከነዳጅ ወደ ነዳጅ መቀያየር እንኳ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤንዚን በነበረበት ክፍል ውስጥ ሳይጠራ ነጭ ጋዝ ቢጫን፣ ጥቂት ቤንዚን የተቀላቀለበት ያ ጋዝ በአንዲት እናት ምድጃ ወይም ኩራዝ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ቃጠሎ የደረሰባቸውን ሰዎች ቁስል አጥቤአለሁ፤ ምክንያቱን ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር።

«ታጥቦስ?» ለሚለው መልሱ ከእኔ ሙያ አለ። በጀማሪነታችን ዘመን መርፌ የመስታወት ነበር፤ ቀቅለን ደግመን እንጠቀምበት ነበር። መድኃኒቱ አልቆ መርፌው ባዶ ቢሆንም ንጹሕ ነው አንልም። ቦቴም እንደዚያው ነው። ቤንዚን ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። ይህ ደግሞ በሽታ የለሽ በሆነ ጠረን አይመጣም፤ ውኃው ባይሸት እንኳ ንጹሕ ነው ለማለት አያስደፍርም። ቦቴው በሳሙና ቢታጠብ እንኳ የታጠበበት ውኃ የት ይደፋል? ወንዝ ዳር ከተደፋ ከታች ያለው ከብትና ሰው ይጠጣዋል። ስለዚህ የነዳጅ ቦቴ ለነዳጅ፣ የውኃ ቦቴ ለውኃ፣ የስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚያመላልሰው ደግሞ ለሞላሰስ ብቻ ይሁን የሚባለው ለጥጋብ አይደለም።

ከሙሉው ይልቅ ባዶው

እናትየው ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ልጻፈው።

ፈሳሹ ቤንዚን ራሱ አይደለም የሚነደው፤ ከላዩ የሚተነው ትነት ነው። ቦቴው ጢም ብሎ ሲሞላ ለአየርና ለትነት የሚተርፍ ቦታ ጥቂት ነው። ሲራገፍ ግን ጭላጩ በሰፊው ሆድ ውስጥ ይተናል፤ አየርም ይገባል። ከመቶ እጅ አየር ውስጥ አንድ ተኩል እጅ ያህል የቤንዚን ትነት ከተቀላቀለ ለመፈንዳት አንዲት ብልጭታ ይበቃዋል። ስለዚህ «ባዶ ነው» ተብሎ ብየዳ የሚጀመርበት ወይም አጠገቡ ሲጋራ የሚለኮስበት ቦቴ ከሞላው የበለጠ ያስፈራል።

ትነቱ ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይወጣም፤ እታች ይተኛል። በመክደኛው ገብቶ እታች የቆመ ሰው የሚተነፍሰው እሱን ነው። ራስ ያዞራል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ከዚያ ሰውየው መጮህ እንኳ ሳይችል ይወድቃል። ሊያድነው የሚገባው ሁለተኛው ሰው ያንኑ ይተነፍሳል። በዚህ ዓይነት አደጋ ሊያድን የገባው ሰው ደጋግሞ የሚሞተው ለዚህ ነው።

መንገድ ላይም ባዶው የራሱ ጠባይ አለው። የከባድ መኪና ፍሬን የተሠራው ክብደት ተሸክሞ እንዲይዝ ነው። ባዶ ሲሆን ጎማው መሬቱን አይጨብጥም፤ በድንገት ሲያዝ ይንሸራተታል፣ ተሳቢው ወደ ጎን ይወረወራል። በዚያ ላይ ሾፌሩ ይቸኩላል፤ ጅቡቲ የሚጫነው በወረፋ ነውና ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይወጣል። አማቼ የሚከፈለው በምልልስ ነው፤ ወረፋ ላይ ያደረበት ቀን ለቤቱ አይቆጠርለትም። በአፋር ሙቀት ውኃ ሳይጠጣ፣ በጫት እንቅልፉን እየገፋ የሚነዳ ሰው ባዶ መኪና ሲይዝ ቀለል ያለው ይመስለዋል።

ለቤቱም ቢሆን ባዶው መንገድ ሸክም ነው። ልጄ አንድ ጊዜ ጎረቤት «ሲወርድ የሚጭነውን ገንዘብ የት ያደርገዋል?» ብላ ጠይቃት ሦስት ቀን ከባሏ ጋር ሳይነጋገሩ ሰንብተዋል። ባዶ ሲወርድ የሚገኝ ገንዘብ የለም። ደብቆ የሚጭን ቢኖር ኮንትሮባንድ ነው፤ ኬላ ላይ ከተያዘ መንጃ ፈቃዱንም እንጀራውንም ያጣል። የባዶው መንገድ ናፍጣና ጎማ ወጪ ደግሞ በሞላው መንገድ ክፍያ ውስጥ የሚሸፈን ነው። እኛ ማደያ ላይ ለአንድ ሊትር ስንከፍል ቦቴው ባዶውን ለወረደበትም እየከፈልን ነው ማለት ነው።

በየቤታችን ያለው ትንሹ ቦቴ

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለሾፌሮች ብቻ አይደለም። በየቤታችን «ባዶ ነው» የምንለው የነዳጅ ዕቃ አለ። እንደ አንዲት ጡረተኛ ነርስ የሚከተለውን አደራ እላለሁ።

ነዳጅ የነበረበትን ጄሪካን አጥባችሁ ለውኃ ወይም ለጠላ አታድርጉት። ፕላስቲኩ ነዳጁን ይመጥጣል፤ ታጥቦ የሄደ የመሰለው ቀስ በቀስ ይወጣል።

ከቦቴ የተረፈ ጭላጭ በሃይላንድ ተቀድቶ ወደ ቤት አይግባ። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚያውቀው ውኃን ነው። ነጭ ጋዝ ደግሞ መልኩ ውኃ ነው።

ልጅ ነዳጅ ቢጠጣ ጣት ከትታችሁ አታስመልሱት፤ ወተትም ዘይትም አትጋቱት። ነዳጅ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ሳንባ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ሲያስመልሰው ደግሞ ወደ ሳንባው ይገባል። ልብሱ ላይ ከፈሰሰ አውልቃችሁ ቆዳውን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡት፤ ከዚያ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ደህና ቢመስልም ውሰዱት፤ ሳሉና ትንፋሽ ማጠሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ባል ወይም ልጅ በነዳጅ የራሰ ልብስ ለብሶ ሲገባ ሕፃን ከማቀፉ በፊት ይለውጥ። ያ ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይዘፍዘፍ፤ እሳት ካለበት ማድ ቤትም አይሰቀል።

ልጃችሁ ረዳት ሆኖ ከተቀጠረ ደግሞ አንድ ነገር ንገሩት። ማንም ቢያዘው ቦቴ ውስጥ አይግባ። ይህ አየር የሚለካ መሣሪያ፣ የመተንፈሻ ጭምብል፣ ገመድና ውጭ የሚጠብቅ ሰው ያለው የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ጓደኛው ውስጥ ወድቆ ቢያየው እንኳ ተከትሎት አይግባ፤ ጮሆ ሰው ይጥራ። ይህን መናገር ለእናት ከባድ ነው፤ ልጇ ጓደኛውን ትቶ ይቁም ማለት ይመስላታል። እኔ ግን ሁለተኛው ልጅ እንዴት እንደመጣልን አይቻለሁ።

የፋሲካ ዕለት

በዚያው ዓመት ፋሲካ ቤተ ዘመዱ ሁሉ እኛ ቤት ተሰበሰበ። ምሳ ከተበላ በኋላ ተነሣሁና በጥር ያጠፋሁትን ተናገርኩ። ያንን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅም፣ የእናቱንም ጥያቄ አነሣሁ። አማቼን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱ ተሽቆጥቁጦ ተነሥቶ «እረ እማማ፣ ተዉ» ይላል።

የባለቤቴ ወንድም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ወደ እሱ ዞሩ። «ታዲያ ልጄ፣ እንዲህ የሚያሰጋ መሆኑን ያን ዕለት ለምን አልነገርከንም? ኩራት መስሎን ስናማህ ከረምን» አሉት።

«ጋሼ» አላቸው፣ «ሠርግ ቤት የሞት ወሬ አይወራም ብዬ ነው።»